አትናገርልኝ

ጭምት ደላላውን «ሁለተኛ እንዳትመጣ» ካለችው ቀን ጀምሮ የደረጃው ድምፅ አላስቀምጥ ብሏታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራበት ክፍል ከሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፤ ወደዚያ የሚወጣውን ሁሉ ገና ከታች ሳለ በኮቴው ትለየዋለች። የአለቃዋ እርምጃ ከባድ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ነጠላ ጫማ ጠፍ ጠፍ ይላል። ከጥርስ ሐኪሞቹ ዕቃ የሚያመላልሰው ሰውዬ በየፎቁ ቆሞ ይተነፍሳል። ደላላው ግን ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ፣ ሁለት ሁለቱን ደረጃ እየዘለለ፣ ከሩቅ እየሳቀ ነበር የሚመጣው። አሁን የሚዘል የለም። ጎንበስ ብላ ከሰም ላይ መንጋጋ ትቀርጻለች፤ እጇ ሥራው ላይ ነው፣ ጆሮዋ ደረጃው ላይ።

ናፍቆት መሆኑን እንኳ ያወቀችው ዘግይታ ነው። መጀመሪያ ጉንፋን መስሏት ነበር።

«ጭምት» ቤተሰብ ያወጣላት ስም ነው። ልጅ ሳለች እንግዳ ሲመጣ ጥጓን ይዛ ስለምትቀመጥ «እንዴት ያለች ጭምት ናት!» እየተባለች አደገች። ሃያዎቹን ካጋመሰች በኋላ አንድ ስፔሻሊስት «ይሄ ጭምትነት አይደለም፤ ኦቲዝም ነው» አላት። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከመችውን ዕቃ ስሙን የነገራት ያህል እፎይ አለች። የቤት ስሟ ግን አንዴ ተለጥፎባት ቀረ። የሰው ዓይን ማየት ያቃጥላታል፤ ስለዚህ ሰው ሲያናግራት የምታየው ጥርሱን ነው፤ ሰውንም የምታስታውሰው በዚያው ነው።

ደላላውንም ያወቀችው እንዲሁ ነው። ቤትና ሱቅ የሚያከራይ፣ የሚያሻሽጥ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነው። የእናቱን የተሰበረ ሰው ሠራሽ ጥርስ በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ገና ከበሩ እያወራ ገባ።

«እናቴ ይሄን ነክሳ እንዳይመስልሽ የሰበረችው፤ ተቆጥታ ነው! እኔን ስትቆጣ አውልቃ ወረወረችው። ጥፋቱ የእኔ፣ ስብራቱ የጥርሱ፣ ረሃቡ የእሷ ሆነ!»

ጭምት አልሳቀችም። አፉን አየት አድርጋ፣ «የፊት ጥርስህ ጫፉ ተሸርፏል» አለችው።

«አውቃለሁ፣ ላስጠግነው እያልኩ ነው…»

«እንዳታስነካው። ያምርብሃል።»

ደላላው የተሸረፈውን ጫፍ በምላሱ ነካ አደረገው። በኋላ እንደነገራት፣ በሥራው ዓለም ያሞገሰው ሰው ሁሉ ከሙገሳው ቀጥሎ ዋጋ ቀንስልኝ ይለዋል፤ እሷ ግን ያየችውን ተናግራ ወደ ሰሟ ተመለሰች። ያን ቀን ደረጃውን ሲወርድ ለማን ምን እንደሚያወራ ጠፍቶት ስልኩን አጠፋው።

ከዚያ ወዲያ በምክንያትም ያለ ምክንያትም ይመጣ ጀመር። እሱ ያወራል፣ እሷ ትሰማለች። ጠይቋት መልስ ሲዘገይበት ራሱ ይመልስላታል። «ደክሞሻል አይደል? አዎ፣ ደክሞሻል» ይላል። ለሰው ሲያስተዋውቃት «እኛ እኮ እንዋደዳለን» ይላል እንጂ፣ «ትወጂኛለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እሷም አልከፋትም። ማውራት ለሚያደክመው ሰው፣ ወሬ የሚሸከምለት ማግኘት ዕረፍት ነው።

እሱን ያልወደደችው የጭምት እህት ናት። እህቷ ዳኛ ናት፤ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ እንደ እናትም እንደ አባትም ሆና ያሳደገቻት እሷ ስለሆነች ጭምት «እትዬ» ነው የምትላት። «ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ደላላ?» አለች እትዬ መነጽሯን አውልቃ። «ቀኑን ሙሉ ችሎት ላይ የደላላ ውሸት ስሰማ ውዬ፣ ቤቴ ገብቼም ልስማ?»

ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰማ። ሰምቶም ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው፤ ለሚያዋርድህም ይስቃል። ጭምት ግን ሳቁን አይታ፣ አልከፋውም ብላ፣ ደስ እንዳላት አመሸች።

*

ክረምቱ ሲገባ ድባቴው መጣባት። ተነሥቶ ፊት መታጠብ ተራራ መውጣት ሆነባት። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ እጇ ልማዱን ያውቃል። ምግብ ግን አፈር አፈር አላት፤ ቀኑን በአንድ ብስኩት የምትውልበት ጊዜ በዛ። ለአእምሮ ሕክምና ማዕከሉ መልእክት ጻፈች። «ለቀጠሮ በስልክ ይደውሉ» የሚል መልስ መጣላት። በስልክ መነጋገር እንደማትችል ጻፈች። «ለተጨማሪ መረጃ በስልክ ይደውሉ» አሏት። ስልክ ለእሷ ጥርስ የሌለው ድምፅ ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያበቃና እሷ የቱ ጋ እንደምትገባ አታውቅም። ደላላው ደወለላት፤ ቀጠሮ አገኘች።

የተቀበላት ሐኪም ወጣት ነው፤ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?»

«በጎኔ ነው የምተኛው።»

«እሺ… ሥራ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ።»

«ምግብስ ትበያለሽ?»

«እበላለሁ።» ምን ያህል ብሎ አልጠየቃትም።

«ስሜትሽ እንዴት ነው?»

ጭምት መልሱን ፍለጋ ወደ ውስጧ ወረደች። ስሜቱ እዚያ አለ፤ ቃሉ ግን ሁልጊዜ ኋላ ነው የሚደርስላት፤ አንዳንዴ በሰዓት፣ አንዳንዴ በቀን ዘግይቶ። ሐኪሙ ዝምታው ረዘመበትና «ይሄን ያህል የሚያስቸግር ነገር የለም ማለት ነው» ብሎ ጻፈ። ኦቲዝም እንዳለባት ስትነግረው ፈገግ አለ። «እሱ እኮ የልጆች ነው። አንቺ ሥራ ያለሽ፣ ልብስሽ የጸዳ፣ ሳቂታ ሴት ነሽ።»

ስቃለች፤ እውነቱን ነው። ትልቅ ሰው ፊት ሳቅ ይባላል ተብላ፣ በልጅነቷ መስታወት ፊት ቆማ የተለማመደችው ሳቅ ነው።

«ደህና ነሽ አሉኝ» አለችው ውጪ ለጠበቃት ደላላ።

ደላላው ደሙ ፈላ። «አቀራረብ ነው ይሄ ሁሉ! ነገርን አቀራረብ ካላወቁበት ማን ይሰማል!» አለ። በማግስቱም ሳይነግራት ወደ ማዕከሉ ደወለና፣ ገዢ ያጣ ቤት እንደሚያሻሽጥ ሁሉ የሌለውን ጨምሮ አወራላት። ጣሪያ ላይ ወጥታ እንደነበር፣ ልትወረወር ስትል በልመና እንዳወረዳት፣ ዛሬ ካልታየች ነገ እንደማትገኝ ተናገረ። ጭምት ምንም ጣሪያ ላይ አልወጣችም። ሰም እየቀረጸች ሳለ ነው አምቡላንሱ መጥቶ የወሰዳት።

ያስገቧት ክፍል ከውጪ ይቆለፋል። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት እንደ ንብ ያጉረመርማል። አንዱ «ለምን ወጣሽ?» ይላታል፣ ሌላዋ ክንዷን ትይዛለች፣ ሦስተኛው «እዪኝ እንጂ! ዓይኔን እዪ!» ይላል። አንደበቷ ጨርሶ ተዘጋ። ወረቀት እንዲሰጧት በእጇ ብታሳይም፣ የገባው ሰው አልነበረም። «ለመተባበር ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ ተጻፈባት። መልሷ ተጠራቅሞ አፏ ላይ ሲደርስ የሚጠይቃት ሰው ሁሉ ሄዶ ነበር። በኋላ እትዬ መጥታ በዳኛ ድምፅዋ አስወጣቻት።

ደላላው ሥራ ቦታዋ መጣ፤ ፊቱ ከስቷል፣ ምላሱ ግን እንዳለ ነው። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው! ካላጋነኑ የሚሰማ የለም። ዓለም እንዲህ ናት፣ እኔ አልፈጠርኳት!»

«ጣሪያ ላይ አልወጣሁም።»

«አውቃለሁ፤ ግን…»

«ስለ እኔ ተናገርክ። የተናገርከው ውስጥ እኔ የለሁም።» የሰም ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሁለተኛ እንዳትመጣ።»

ደላላው ወደ በሩ ዞረ። ቀስ ብሎም፣ «እህትሽ ናት አይደል?» አለ። «የዳኛ ቤት ደላላ አያስገባም። ይሄው ነው አይደል?»

መልሱ ውስጧ ነበር። አይደለም የሚል ነበር። ግን ገና መንገድ ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልጠበቀውም። ያን ቀን አልዘለለም፤ አንድ አንዱን ደረጃ እየረገጠ ወረደ። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ሲደርስ የታችኛው በር ተዘግቷል። «አይደለም» አለች፤ የሰማት ግድግዳው ነው።

*

እውነትም ሁለተኛ አልመጣም። ክረምቱ ወጣ፤ ድባቴው ግን አልወጣም፤ ናፍቆት ተጨምሮበት በእጥፍ ከበዳት። አንድ ቀን ዕቃ አመላላሹ ሰውዬ ካመጣቸው መካከል የደላላውን እናት ጥርስ አገኘችው። ድድ ላይ ላልቶ ነበርና ሊስተካከል ነው የመጣው። የራሷን ሥራ አወቀችው። ከሚያስፈልገው በላይ ፋቀችው፣ አለሰለሰችው፣ በመዳፏ ይዛ ተቀመጠች። ሌላው ሁሉ ተሠርቶ ሄደ፤ ያንን አሳልፋ መስጠት አቃታት። በመጨረሻ ስትሰጥ «ለጥርሱ ባለቤት ሰላም በልልኝ» ለማለት ፈለገች። ሰውዬው ሦስት ፎቅ ከወረደ በኋላ ነው ቃሉ የመጣላት።

ከማዕከሉ መልእክት የደረሳት በዚያው ሰሞን ነው። አዲስ የመጣች ሐኪም ናት የጻፈችው። «ፋይልሽን አነበብኩ። ፈቃደኛ አይደለችም የሚለውን ግን አላመንኩትም። ለመነጋገር ምን እንደሚቀልሽ ጻፊልኝ። ዛሬ ካልሆነልሽ ነገ፣ ነገም ካልሆነ ሲሆንልሽ።»

ጭምት ሳምንቱን ሙሉ አስባ ጻፈች። መብራቱ ይጥፋ፤ ጥያቄው አንድ በአንድ ይሁን፤ መልሴን ጠብቁኝ፤ አንድ ሰው አብሮኝ ይግባ አለች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለደላላው ጻፈችለት። «ሐሙስ ከሰዓት ና። ከእኔ ጋር ትገባለህ። ግን አትናገርልኝ።»

ይህን ሁሉ ወራት ሲያወራ የኖረ ሰው፣ የላከላት መልስ «እሺ» የምትል ብቻ ነበረች። ጭምት ያቺን «እሺ» ደጋግማ አነበበቻት፤ በጣም አጭር ናት፣ ግን ሙቀት ነበራት።

*

እትዬ ሐሙስ ዕለት ችሎት አስተላልፋ በመኪናዋ አመጣቻት። ማዕከሉ ኮሪደር ላይ ደላላው ቆሞ ሲያዩት እትዬ ከንፈሯን ነከሰች። እሱ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እንደ ተከሳሽ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጭምት አየችው፤ ጥርሱን አላሳየም።

«እትዬ፣ አንቺ ውጪ ትቆያለሽ» አለች ጭምት። «የሚገባው እሱ ነው።»

«ምን አልሽ? ያሳደግኩሽ እኔ ውጪ፣ ያስቆለፈብሽ እሱ ውስጥ?»

«አንቺ ዝም ማለት አትችዪም። ስለምትወጂኝ ነው፤ ግን አትችዪም። እሱ ይችል እንደሆነ ደግሞ ማየት አለብኝ።»

«ካልቻለስ?»

«ካልቻለ መልሼ አልጠራውም።»

ደላላው ሰማ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። እትዬ ወንበሩ ላይ ዝግ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት ሳይሆን፣ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት በር ላይ የተወች እናት ስሜት ነበር።

ሐኪሟ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴት ናት። መብራቱን አጥፍታ መጋረጃውን ከፍታለች። ግን ሰው ናትና ገና ሲጀመር ተሳሳተች። «እንዴት ነሽ? መንገዱ አላስቸገረሽም? ባለፈው የደረሰብሽስ አሁን እንዴት እያደረገሽ ነው?» አለች በአንድ ትንፋሽ።

ጥያቄዎቹ ጭምት ጆሮ ውስጥ ተጋጩ። እጇን አነሣች። «አንድ በአንድ።»

«ይቅርታ፣ ልክ ነሽ።» ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «ጠዋት ስትነቂ ምን ይሰማሻል?»

ጭምት ወደ ውስጧ ወረደች። ከውጪ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ኮሪደሩ ላይ አልጋ እየገፉ ያልፋሉ። የደላላው ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ፣ ቆመ፣ ደግሞ ነዘረ። ዝምታው ሰው የሚችለውን ያህል ረዘመ፤ ከዚያም አልፎ ረዘመ። ያኔ ጭምት ደላላው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ሰማችው። ታውቀዋለች ያንን ትንፋሽ። «ደክሟታል» ሊል ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

ምንም አልመጣም። ዓይኗን ገልጣ አፉን አየች። የታች ከንፈሩን ነክሶ ይዟል፤ የተሸረፈው ጥርሱ ከንፈሩ ውስጥ ሰምጧል። ላብ ግንባሩን አቸፍችፎታል። ሐኪሟም እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሁለት ሰው እሷን እየጠበቀ ነው። ጭምት በሕይወቷ እንዲህ ተጠብቃ አታውቅም።

«ጠዋት ስነቃ…» አለች። «ነቃሁ ብዬ አዝናለሁ።»

ማንም አላቋረጣትም።

«ጣሪያ ላይ አልወጣሁም። መሞትም አልፈልግም። ግን ስተኛ፣ ምነው ባልነቃሁ እላለሁ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ነው። ሰው ፊት የምስቀው ተለማምጄው ነው። ስስቅ እውልና ቤቴ ስገባ ፊቴን ያመኛል። ደህና ነሽ ሲሉኝ፣ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ ብዬ ደህና ለመሆን ሞከርኩ። አልሆነልኝም።»

ከደላላው በኩል ድምፅ መጣ፤ ቃል አልነበረም። ለእሱም ነግራው አታውቅም ነበር። እሱ በስልክ የጮኸው ውሸት ጣሪያና ውርወራ ነበረው፤ እሷ በዝግታ የተናገረችው እውነት ግን ከዚያ ሁሉ ይከብድ ነበር፤ እሱም አጠገቧ እየሳቀ አልፎታል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ዛሬስ?» አለች ሐኪሟ በለሆሳስ። «ዛሬ ጠዋትም አዘንሽ?»

ይሄኛው መልስ ፈጥኖ መጣ፤ ራሷም ገረማት። «ዛሬ አላዘንኩም።»

«ለምን ይመስልሻል?»

«ሐሙስ ስለሆነ።»

ሐኪሟ አልገባትም። ደላላው ግን እጁን ከፊቱ አወረደ፤ ጭምትም ለአፍታ፣ ያቃጥላት እንደነበር ረስታ፣ ዓይኑን አየች። እርጥብ ነበር። እንዲህ ቡናማ መሆኑን አታውቅም ነበር።

*

ሐኪሟ ብዙ ተስፋ አልሰጠቻትም። ያዘዘችላት መድኃኒት ጊዜ እንደሚወስድ፣ በየሳምንቱ እንደሚገናኙ፣ በመሐል የሚያስፈራ ሐሳብ ከመጣባት በጽሑፍ እንድትልክላት ነገረቻት። «ስጋት ቢገባኝ ከማንም በፊት ለአንቺ ነው የምናገረው» አለቻት። ጭምት ይህንን በቃሏ ያዘችው።

ከማዕከሉ በር ውጪ፣ መወጣጫው ላይ ቆሙ። ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ደላላው አሁንም ዝም ብሏል።

«አሁን መናገር ትችላለህ» አለችው።

«ምን አፍ አለኝ ብለሽ?» አለ፤ ድምፁ ሰልሏል። «ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ አጠገቤ ነበርሽ? አጠገቤ?»

«አልጠየቅከኝም።»

«አልጠየቅኩሽም።» ቃሉን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው። «እኔ ደግሞ ያባረርሽኝ በደላላነቴ መስሎኝ… እህትሽ ፊት ስላሳፈርኩሽ መስሎኝ፣ በእናንተ ሰፈር ማለፍ እንኳ ትቼ ነበር።»

«አይደለም። እንዳትመጣ ያልኩህ ስለተናገርክልኝ ነው። እኔ አንድ ነገር ስል ከሥሩ ሌላ ነገር የለም። ያን ቀንም አይደለም ብዬህ ነበር።»

«መቼ?»

«ከሄድክ በኋላ።»

ደላላው ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጡበት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ እንደማያውቀው ሰው ቤት በር የሚያንኳኳ ይመስል፣ ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

«ትወጂኛለሽ?»

ጭምት እንደገና ወደ ውስጧ ወረደች። እሱም ጠበቀ። ስልኩ ጮኸ፤ ቤት ሊያይ የቀጠረው ሰው ነበር፤ አላነሣውም። እትዬ ከውስጥ ወጥታ መነጽሯን እያስተካከለች መጣች። «ምን ሆናችሁ? ምን አለች ሐኪሟ? ለምን እዚህ ፀሐይ ላይ…»

ደላላው እጁን አነሣ። «ይቅርታ እትዬ፣ መልስ እየጠበቅኩ ነው።»

ስንቱን ጠበቃ ዝም ያሰኘች ዳኛ፣ በደላላ እጅ ዝም አለች። ልትቆጣ እንደቃጣት ፊቷ ላይ ታየ፤ ግን የእህቷን ፊት አይታ ተወችው።

«ስትሄድ ክፍሉ ይሰፋብኛል» አለች ጭምት በመጨረሻ። «ዕቃው ቦታው ላይ ነው፤ ግን ይሰፋል። ሌላ ሰው ሲስቅ ጥርሱ ጤነኛ ነው እላለሁ፣ ከዚያ የአንተን አስባለሁ። የእናትህን ጥርስ አሳልፌ መስጠት አቅቶኝ ነበር። እና አዎ። እወድሃለሁ። አንተ ለሰው ከምታወራው በላይ።»

ደላላው ምንም አልጨመረበትም። እትዬ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ፣ የሌለ አቧራ ከመነጽሯ ላይ ጠረገች፤ ቆይታም ማንንም ሳታይ «መኪናው ሦስት ሰው ይይዛል» አለች።

ወደ መኪናው ሲሄዱ ደላላው ከጭምት ጎን ነበር፤ ክንዱ ከክንዷ የአንድ መዳፍ ያህል ይርቃል፤ ካልፈቀደች እንደማይነካት አሁን ገብቶታል። እሷም አጠገቧ እየሄደ ሳለ እንኳ ናፈቃት። ይሄኛው ናፍቆት ግን የሚበላት አልነበረም። እንዲያውም፣ ነገ ጠዋት ስትነቃም እንዲኖር ተመኘች።